አዳራሹን በስምህ ሊሰይሙት ነው

አባዬ፣

ከተለየኸን ሦስት ዓመት አለፈ። የሱዳኑ ጦርነት ከጀብራ ሰፈራችን አፈናቅሎን ነበር፤ አሁን ተመልሰናል። ዘራፊዎች የቤቱን በር እንኳ ነቅለው ወስደዋል፤ በቆርቆሮ ጋርደን ገባን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ተናድጄ ነው።

ባለፈው ሳምንት ያ ምክትልህ ስልክ ደወለ። የክልሉ ልማት ቢሮ ኃላፊ አሁን እሱ ነው። የስብሰባ አዳራሹን በስምህ ሊሰይሙት ነውና ፎቶግራፍህን እንድልክለት ጠየቀኝ።

«አባትሽ እኮ ለክልላችን ትልቅ ባለውለታ ናቸው» አለኝ፤ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ!

ከተራ ባለሙያነት ተነስተህ ኃላፊ እስክትሆን ለዚያ ቢሮ ዕድሜህን ሰጥተሃል። የመስኖውን ዕቅድ ያወጣኸው ማሳ ዳር ከገበሬዎቹ ጋር ቁጭ ብለህ ነው። ውሃው መጀመሪያ በቦዩ ሲመጣ ሱሪህን ሰብስበህ ጭቃ ውስጥ ገብተህ ስትስቅ አይቼሃለሁ። ከዚያ ውሃው ወደ አንድ ባለሀብት እርሻ ይዙር ተባለ። አልፈርምም ብለህ ጻፍክ። ምክትልህ ፈረመ። አንተን «ፀረ ልማት» ብለው ሊያስሩህ ሲሉ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወጣን።

ለዚያ ሁሉ ክልል ያቀድክ ሰው ባሕሪ ከተማ ባለ የሳሙና ፋብሪካ መጋዘን ጠባቂ ሆንክ። ሱዳኖቹ «ኡስታዝ» እያሉ ያከብሩህ ነበር፤ የገዛ አገርህ ግን አንድ ቀን እንኳ የት ገባ አላለህም። የመኖሪያ ፈቃድህን፣ ኢቃማህን፣ ለማሳደስ ፀሐይ ላይ ተሰልፈህ ስትውል አንዴም አማርረህ አታውቅም። እኔ ነኝ የማማርረው።

«ፎቶውን እልካለሁ» አልኩት፤ «በምርቃቱ ቀን ግን አባቴ አልፈርምም ብሎ የጻፈው ደብዳቤ ይነበብ። ግልባጩ እኛ ጋ አለ።»

«ያለፈውን አናንሳ፣ እህቴ» አለኝ።

«ለእናንተ አልፏል» ብዬ ዘጋሁት።

እማዬ አጠገቤ ሆና ትሰማ ነበር። «ኸላስ፣ በቃ፣ ደግ አደረግሽ» አለችኝና በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች።

ያ ግን አልበቃኝም። ደብዳቤህን ፎቶ አንስቼ አገር ቤት ላለው ለአክስቴ ልጅ ላክሁለት። ቦዩ ዳር ወርዶ ለገበሬዎቹ አነበበላቸው። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ የነበሩት አቶ ደሳለኝ ትናንት በአክስቴ ልጅ ስልክ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ እኛን እኮ አባትሽ ውሃችንን ሸጦ ሱዳን ገባ ብለውን ነበር» አሉኝ። «ስንረግመው ኖርን። መቃብሩ ጋ ስትሄጂ ይቅር በለን ብለውሃል በይልኝ።»

ይኸው ነገርኩህ፣ አባዬ። አንተ ይቅር ትላቸዋለህ፤ አውቅሃለሁ። እኔም ገበሬዎቹን ይቅር ብያለሁ። በአንተ ላይ የዋሹትን ግን ይቅር አልልም። አዳራሹ ላይ የፈለጉትን ይጻፉ፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ አልፈርምም ያልከውን አንተን ነው የማስታውሰው፣ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም የምናገረው።

ልጅህ፣ ሰብለ