በእህትህ ፈንታ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ብርዱ በረታብህ ወይ? እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም እንደ ልማዱ ነው። እህትህን ግን ምከርልኝ። ሳያባርሯት በፊት ሥራውን በገዛ ፈቃዷ ትልቀቅ።

አዲሷ አለቃዋ አላማረችኝም። እህትህ ሲያጣድፏት ቃል እንደሚጠፋባት፣ ጫጫታም እንደሚረብሻት ታውቃለህ። የድሮው አለቃ ይቆጣት ነበር፤ ቁጣ ደግሞ ይገባኛል። ይህችኛዋ ግን ከመሬት ተነስታ ደግ ሆነችባት። ሦስቱን ቀን ከቤት ሥሪ፣ ስብሰባ ላይ ካሜራሽን አጥፊው፣ ጥያቄውን አንድ ቀን ቀደም ብዬ ጽፌ እልክልሻለሁ አለቻት። ቢሮ ለምትገባባቸው ሁለት ቀናት ደግሞ ጥግ ያለውን ጸጥተኛ ክፍል ሰጠቻት። ምን አስባ ነው? በጽሑፍ የሰፈረ ሁሉ ነገ ማስረጃ ነው። "አቅቷታል" ብለው ሊያሰናብቷት ፋይል እያደለቡ ነው። ይህን ለእህትህ ብነግራት "እማዬ፣ ተይ" ብላ በሯን ዘጋችብኝ።

ሐሙስ

ደብዳቤውን ሳልልከው ጉድ ሆንኩልህ።

ጠዋት በኮምፒውተሯ ስብሰባ ላይ ሳለች፣ ልብስ የማጣጥፍ መስዬ ከኋላዋ ቆምኩ። የመድኃኒት መመሪያ ወረቀት ከመታተሙ በፊት ስህተቱን የምትለቅመው እሷ አይደለች? አለቃዋ ይታተም ወይ ብላ ጠየቀቻት። እህትህ ዝም። እነሱም ዝም። ዝምታው ሲረዝም፣ ይኸው ወጥመዱ መጣ ብዬ አላስችል አለኝና "አዎ፣ ጨርሳዋለች፣ ይታተም" አልኩ፣ በእሷ ፈንታ።

"እማማ፣" አለች ሴትዮዋ፣ ሳትቆጣ፣ "መልሱን ከእሷ ነው የምንፈልገው። እንጠብቃታለን።"

ጠበቋት። በመጨረሻ እህትህ፣ "አይ... አይታተም። ገጽ አራት ላይ የሕፃናቱ የመድኃኒት መጠን በእጥፍ ተጽፏል" አለች።

እኔን ሰምተው ቢሆን ኖሮ የስንቱ ልጅ ይታመም ነበር? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እህትህ ግን አልተቀየመችኝም፤ ምሳ አብረን በላን።

ሴትዮዋን አሁንም ሙሉ በሙሉ አላምናትም። ሰው እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከየት ያመጣል? እኔ እናቷ ሆኜ በሠላሳ ዓመት አላመጣሁትም።

በምትሄድበት ሁሉ ይቅናህ፣ ክፉ አይንካህ ልጄ። እሑድ ስትደውል ስልኩን የምታነሳው እህትህ ናት፤ እኔ ወጣ እላለሁ። ቶሎ ካልመለሰችልህ አትዝጋው።

እናትህ