የጨመርኩት ባሌስትራ

ማክሰኞ

ዘለለች። ከቆቦ ወጥቼ አስፋልቱን እንደለቀቅኩ መኪናዬ ጠጠር ባየች ቁጥር እንደ ፍየል ትዘላለች። ጭንቅላቴ ከጣሪያው ጋር ስንቴ እንደተጋጨ አልቆጠርኩም። ትናንት ኪሮስ ጋራዥ ገብቼ የኋላ ባሌስትራዋ ላይ፣ ጭነት በሚሸከመው ተደራራቢ ብረት ላይ፣ ሁለት ብረት አስጨምሬ ነበር። ሽንኩርት ስጭን ቂጧ መሬት ይነካ ነበርና። አሁን ከፍ ብላለች። ቆንጆ ናት። "ከዋጃ እስከ ጎብዬ እንደሷ ቀና ብሎ የሚሄድ ፒካፕ ካለ ይምጣና እንተያይ" ብዬ ለሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። ባዶዋን እንደምትዘል ግን አልተናገርኩም። ለዚህ ደብተር ብቻ ነው የምናገረው። የማታ ትምህርት አስተማሪያችን "በየቀኑ አንድ ነገር ጻፉ፣ እጃችሁ እንዳይረሳ" ብላናለች። ከክፍሉ ቀድሜ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለዓመታት ኪሴ ይዤው የዞርኩትን መንጃ ፈቃድ እንኳ ዘንድሮ አነበብኩት። ፎቶው እኔ ነበርኩ፤ ጽሑፉም እኔው ሆኖ ተገኘ።

ጭንቀቴ ሌላ ነው። ሚስቴ ሰዓዳ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እንደ ወጉ እናቷ ቤት ናት፣ ዞብል ተራራ ሥር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ "ልጁ ተገልብጦ ነው የተቀመጠው፣ ምጥ ሳይጀምራት ቆቦ ሆስፒታል አጠገብ ትሁን፣ መንገድ ላይም እንዳትንገላታ" ብላለች። አንድ አምቡላንስ ለስንቱ ቀበሌ ይደርሳል? ሰው ሁሉ "ባሏ መኪና አለው፣ ምን አሳሰባት" ይላል። እሑድ ላመጣት ተቀጣጥረናል።

ረቡዕ

አማቴን እማ ፋጡማን ወደ ገበያ ይዤ መጣሁ። አንድ ቅል እርጎ ታቅፈው ጋቢና ተቀመጡ። መንገዱን ሙሉ "ያ ረቢ" ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም። ቆቦ ስንደርስ ቅሉን ከፍተው ወደ ውስጥ አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"እንድሪስ።"

"አቤት እማ።"

"ቅቤ ወጥቷል።"

አየሁት። እውነትም እንክብል እንክብል ሆኖ ተንሳፏል። ሳቄ መጣ። "ይኸው ሥራ አቀለልኩልዎት" አልኳቸው። እሳቸው አልሳቁም። "ልጄን በዚህ መናጫ አታመጣትም። እርጎ አይደለችም" ብለው ወረዱ።

ከዚያ በኋላ እኔም መሳቅ አቃተኝ። ያ ልጅ እዚያ ውስጥ ተገልብጦ እንደተቀመጠ እያሰብኩ ዋልኩ።

ሐሙስ

"ትዘላለች" አልኩት ኪሮስን።

"ታዲያ ለጭነት አልከኝ፣ ለጭነት ሠራሁ። ለሙሽራ ብትለኝ ለሙሽራ እሠራ ነበር።"

ይሄ ሰው ምላሱ ከመፍቻው ይረዝማል። ግን ሌላ ደህና መካኒክ የለንም።

ሁለቱንም ብረት ባስወጣስ? እንደ ድሮዋ ትረግባለች፣ ዞብል መንገድ ላይ ያለው ወንዝ ውስጥ ሆዷን ድንጋይ ይመታታል። ወንዝ መሃል የቆመች መኪና ደግሞ ከምትዘለው ትብሳለች። እንደነበረች ልተዋት? እማ ፋጡማ አያሳፍሯትም፤ እውነታቸውንም ነው። ኪሮስ የሚለው አንዱን ብረት አውጥተን አሞርዛተሮቹን እንለውጥ ነው። ዝላዩን የሚይዙት እነሱ ናቸው፤ የኔዎቹ ዘይታቸውን አፍስሰው ጨርሰዋል። ደህናው ያለው ወልድያ ነው፣ ቅዳሜ ይደርሳል። ጎብዬ ያለው ሹፌር ጓደኛዬ አበባው ደግሞ በስልክ "የጎማውን ንፋስ ቀንስ፣ ፍጥነትህን ቀንስ፣ ጉራህንም ቀንስ" አለኝ። ሦስተኛው ከበደኝ።

ሰዓዳ ደወለች። እናቷ ነግረዋታል። "ከፍታውን ለሻይ ቤቱ ሰው አሳይ። እኔን ቀስ አድርገህ አድርሰኝ፣ ሌላ አልፈልግም።"

"አብሽሪ፣ አይዞሽ" አልኳት። 

ወሰንኩ። አንድ ብረት ይወጣል፣ አሞርዛተር ይገባል። ኪሮስ ቅዳሜ ሁለቱንም ባንዴ እሠራለሁ ብሏል።

ዓርብ

ከጁምዓ ስወጣ ደጋው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። እዚህ ጠብታ የለም። የኛ ወንዝ ግን በሰው አገር ዝናብ ነው የሚሞላው። የጎማውን ንፋስ ቀነስኩ። ትንሽ ለውጥ አለው። ትንሽ። ሻይ ቤት ተቀምጬ አንድም ነገር ሳልፎክር ወጣሁ። "እንድሪስን ምን ነካው፣ ታመመ እንዴ?" ሲሉ ከኋላዬ ሰማሁ።

ቅዳሜ

አሞርዛተሩ ደረሰ! ጋራዡ ተዘግቷል። ኪሮስ ዋጃ ዘመድ ሞቶበት ለቅሶ ሄዷል። ለቅሶ የሄደን ሰው ምን ይሉታል? ደውዬ "አላህ ያጽናህ" አልኩት። እሱው ራሱ "ነገ ከሰዓት እመጣለሁ፣ መኪናዋን ሰኞ አምጣት" አለኝ። ይሁን፣ ሰዓዳንም ሰኞ አመጣታለሁ። አንድ ቀን ነው። ካርቶኑን ላነበው ሞከርኩ፤ ፈረንጅኛ ነው።

አንድ ቀን ብቻ ነው።

እሑድ

ሆስፒታሉ ግቢ አግዳሚ ላይ ነኝ። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ።

ጠዋት እማ ፋጡማ ደወሉ። "ጀምሯታል" ብቻ አሉ። ባዶዋን እያስዘለልኩ ሄድኩ፤ አዲሱ አሞርዛተር ከነካርቶኑ ከኋላዬ ይንጓጓል። ሰዓዳን ደግፈው አወጧት። ፊቷ አመድ መስሏል። ጋቢና አስገባናት፣ እናቷ አቀፏት። ዞር ስል የመንደሩ ሰው ከኋላ እየተሳፈረ ነው። ሴቶቹ፣ ጎረምሶቹ፣ ሽማግሌው ሸህ ይማም ሳይቀሩ ከነምርኩዛቸው።

"ውረዱ! የወንዙ አሸዋ ይይዘኛል! የት ልትሄዱ ነው?"

"ምጥ የያዛትን ብቻዋን እንልቀቃት?" አለች አንዷ ጎረቤት መቀነቷን እያጠበቀች። "ምን ያለው ነው!"

"ሸህ፣ እርስዎ እንኳ ይውረዱ።"

"ዱዓው እዚህ ላይ ነው ያለ። ንዳ።"

"እንድሪስ! ንዳ!" አሉ እማ ፋጡማ ከውስጥ። ነዳሁ።

የመጀመሪያው ጉድጓድ መጣ። ትከሻዬን ሰብስቤ ጠበቅኩ። አልዘለለችም። ዝቅ አለች፣ ቀስ ብላ ተመለሰች። ሁለተኛው ላይም እንደዚያው። ያ ደረቅ ባሌስትራ ሰው ሲቀመጥበት ለሰለሰ። ስትጫን እንደምትረጋ እኔ ሹፌሩ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ጭንቀት ያስረሳል። ሰዓዳ ዓይኗን ገልጣ "ምን አደረግሃት?" አለችኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ስንት እፎክር ነበር።

"ሰው ጫንኩባት" አልኩ።

ወንዙ ላይ ውሃው ጀምሯል፣ ገና ቁርጭምጭሚት ነው። መሃል ላይ ጎማው አሸዋውን ቆፈረ። ሰዓዳ ክንዴን ጨምድዳ ያዘች። ጎረምሶቹ ዘለው ወረዱ፣ ሴቶቹም ተከተሉ፣ ገፍተው አወጡን። ከወዲያ ማዶ ድንጋያማው ዳገት ነው። "ተሳፈሩ! ማንም እንዳይቀር!" እያልኩ ስጮህ ራሴን ሰማሁት። ቅድም ውረዱ ያልኩት ሰውዬ።

ሐኪሙ አያት። "በጊዜ ደርሳችኋል፣ ግን በኦፕራሲዮን ነው የምትወልደው" አለ። ፈርም አሉኝ፤ በጣቴ ሳይሆን በስሜ ፈረምኩ። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

ጠበቅን። ሸህ ይማም ሙስበሃ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። እማ ፋጡማ አንድ ቦታ አይቀመጡም። ማንም አልቀለደም፣ እኔም አልቀለድኩም። 

በሩ ተከፈተ። "የሰዓዳ ቤተሰብ ማነው?" አለች ነርሷ። ከመኪናዬ የወረደው ሁሉ ብድግ አለ። አየችን፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

"ሁለቱም ደህና ናቸው። አንድ ሰው ብቻ ይግባ።"

እማ ፋጡማ ቀድመውኝ ገቡ። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። አልሐምዱሊላህ። ወንድ ይሁን ሴት መጠየቅ ረስቻለሁ።