ቬሊዛር ክሬሚች እና ያልቀየሩት የቅዱስ ስም

ደራሲ ቬሊዛር ክሬሚች ከአባታቸው ከስቬቶዛር ክሬሚችና ከእናታቸው ከክሩና እ.ኤ.አ. በ1938 እዚሁ ያሴኖቭ ዶል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ቤት ተወለዱ።

ሦስት ዓመት ሲሆናቸው፣ በ1941 ክረምት፣ ጀርመኖች የመንደሩን ወንዶች ሰብስበው ከወፍጮው ጀርባ ረሸኗቸው። ስቬቶዛርም አብረው ተገደሉ። ማን እንደጠቆመ አይታወቅም። ይህን ጽሑፍ የሚያነቡልን ሰው እባክዎ እዚህ ላይ ቆም ብለው ይድገሙት፤ ማን እንደጠቆመ አይታወቅም። የሚታወቀው፣ መንደሩ ሁሉ ደጁን ዘግቶ ሳለ የስቬቶዛርን አስከሬን በሬ በሚጎትተው ሸርተቴ ጭነው ለሚስታቸው ያመጡት፣ ሣጥኑንም ከገዛ ጎተራቸው ሳንቃ የሠሩት ማክሲም ሌሺች መሆናቸው ነው። ማክሲም አያቴ ናቸው።

ቬሊዛር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚህ፣ ሁለተኛ ደረጃን በኡዢትሴ ተከታትለው በ1961 ከቤልግሬድ በሥነ ጽሑፍ ተመረቁ። ኡዢትሴም ተመልሰው መምህር ሆኑ። ታላቅ እኅታቸው ዳሪንካ ቀደም ብለው የማክሲምን ልጅ ቲሆሚርን አግብተው ነበር። ይህን የጻፍኩት የእነሱ ልጅ ሌፖሳቫ ነኝ። ቬሊዛር በ1964 መምህርት ኦልጋን አግብተው አንድ ልጅ፣ ስትራሂኛን ወለዱ።

የጻፉት ሁሉ ስለ ጦርነቱ ነው። እየዞሩ ሽማግሌዎቹን ይጠይቁ ነበር። ያን ቀን ጫማው ምን ነበር? ውሻ ጮኸ? ዳቦው ከምን ተጋገረ? የአንድ ወታደር ካፖርት ስንት ቁልፍ እንዳለው ሳያጣሩ አይጽፉም። አሮጊቶቹ «ይሄ ልጅ ሬሳ ያናግራል!» እያሉ ይወዷቸው ነበር። እኔም እወዳቸው ነበር፤ መዋሸት አልፈልግም።

በ1967 «የሸለቆው ታኅሣሥ» የተባለው ልብ ወለዳቸው ታተመ። ተሸለመ፣ ትምህርት ቤትም ገባ። በመጽሐፉ ውስጥ ራዶያ የሚባል ጠቋሚ አለ። ጎረቤቶቹን አሳልፎ በሰጠ ማግስት የቤቱን ቅዱስ ቀን ያከብራል፤ ከጀርመኑ መኮንን ጋር ማዕድ ይቆርሳል። ራዶያ የሚባል ሰው በመንደራችን ኖሮ አያውቅም። ታሪኩ ግን በበረዶ ላይ መሆን ነበረበትና በታኅሣሥ የሚውል ቅዱስ አስፈለጋቸው። ቅዱስ ኒኮላን እንዳያደርጉ የክሬሚችም የግማሹ መንደርም ስላቫ፣ በየዓመቱ የሚከበር የቤት ቅዱስ፣ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አዩና ታኅሣሥ 9፣ ቅዱስ አሊምፒ ብለው ጻፉ።

በያሴኖቭ ዶል ቅዱስ አሊምፒን ከአባት ወርሶ የሚያከብር አንድ ቤት ብቻ ነው፤ የሌሺች ቤት። ካፖርት ቁልፍ የሚቆጥሩት ሰው የገዛ እኅታቸውን ስላቫ ረሱት። በዚያ ማዕድ ተቀምጠው ሲበሉ ሲጠጡ የኖሩ ሰው! መንደርተኛው ግን አልረሳም፤ ራዶያ ማለት ማክሲም ነው አለ። «ስሙን ደበቀለት፤ ቅዱሱ ግን አወጣው» ተባባለ።

ለስላቫ ሰው አይጠራም። የሚወድህ ቀኑን ያውቃል፣ ይመጣል። የዚያን ዓመት እናቴ ዳቦውን ጋገረች፣ የስንዴ ንፍሮውን ቀቀለች፣ ሻማው በራ። አባቴ ንጹሕ ኮት ለብሶ፣ የራኪያ ጠርሙስ ይዞ በር ላይ ቆመ። ማንም አልመጣም። በሚቀጥለውም ዓመት ቆመ። በኋላ መቆሙን ትቶ ራኪያውን ብቻውን ይጠጣው ጀመር፤ እሱው ገደለው። ወንድሜ ቪየና ሄዶ ሲያገባ ስላቫውን «አልፈልግም» ብሎ ተወው። ሴት ልጅ ስላቫ አትወርስም ይባላል። ታዲያ ወራሹ ጥሎት ሲሄድ ማን ሻማውን ያብራ? እኔ አበራሁ።

እናቴ ወንድሟ ዘንድ ሄዳ ለመነች። መጽሐፉ ዳግም ሊታተም ነበር። «ቬልያ፣ አንዲት ቃል ናት። ሌላ ቅዱስ አድርግለት፤ ቅዱስ ሞልቷል» አለችው። አጎቴ ግን «ልብ ወለድ ነው ዳሪንካ፤ ለልብ ወለድ ይቅርታ አይጠየቅም። ዛሬ ከቀየርኩት እውነት ነበር ይሉኛል» አሉ። እሷም «ልብ ወለድህንማ አምነው በሉት፤ የእኔን ንፍሮ ነው እንቢ ያሉት» ብላ ተመለሰች። መጽሐፉ እየታተመ ኖረ፤ ቅዱሱ አልተቀየረም። ሸርተቴውና ሣጥኑ ለምን እንዳልገቡ ስጠይቃቸውም «ለመጽሐፉ አይመችም ነበር» አሉኝ። እናቴ በ2004 ስትሞት ቀብሯ ላይ የቆምነው ካህኑ፣ አጎቴና እኔ ነበርን።

ባለቤታቸው ኦልጋ ካረፉ በኋላ አጎቴ ሳንባቸው ታመመና ወደ ትውልድ ቤታቸው ተመለሱ። ባለፈው ታኅሣሥ 9 ሻማውን እንዳበራሁ በሩ ተከፈተ። ደንግጬ ዳቦው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። አጎቴ ናቸው፤ ምርኩዝ ይዘው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው። አማተቡ፣ ንፍሮውን ቀመሱ፣ አለቀሱ።

«ምን ላድርግልሽ ልጄ?»

«ይናገሩ! እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆመው የፈጠርኩት ነው ይበሉ።»

እሳቸውም «ሲያዩኝ አልችልም። የሕይወት ታሪኬን አንቺ ጻፊው። ስቀበር ይነበብ» አሉ። ያን ሁሉ ጀግና የጻፉ ሰው!

እንዳሉት አደረግሁ። ራዶያ የተፈጠረ ሰው ነው። ቅዱስ አሊምፒ ከቀን መቁጠሪያ ላይ የተወሰደ ስም ነው። ማክሲም ሌሺች ማንንም አልጠቆሙም። ይህ የቬሊዛር ክሬሚች ቃል ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ የዘገየ።

ደራሲ ቬሊዛር ክሬሚች በተወለዱ በ81 ዓመታቸው ኅዳር 21 ቀን 2019 ዐርፈዋል። ልጃቸው ስትራሂኛ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና የእኅታቸው ልጅ ሌፖሳቫ ከኋላቸው ቀርተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ገና አልማርኳቸውም፤ እሱ ግን ከእኔ ይሻላል። እናቴንና አባቴን እዚያ ካገኟቸው፣ እነሱ ይቅር ይበሏቸው።

ዛሬ ለቀብሩ መንደሩ ሁሉ መጥቷል፤ አያለሁ። ታኅሣሥ 9 ሩቅ አይደለም። ለስላቫ ሰው አይጠራም፣ እኔም አልጠራኋችሁም። ንፍሮውን ግን እንደ ሁልጊዜው ለመንደሩ በሚበቃ ድስት እቀቅለዋለሁ።