ከአኖይድ በላይ

ማርች 3
ጎረቤታችን ክሬግ ዛሬም ጎህ ሳይቀድ ሞተር ብስክሌቱን አስነሳ።

ግድግዳችን አንድ ነው፤ አልጋው ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ባሌ ዊልፍ ደረቱን ይዞ ተቀመጠ። ልቡን ካመመው ወዲህ ሐኪሙ እንቅልፍ አዞለታል... ከየት ይምጣ? «ራይል ከተማ፣ እህቴ ጋ ልግባ መሰለኝ» አለ። «ለምን ያህል ጊዜ?» ስለው ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ።

ማርች 4
ስለ ሞተሩ ላመለክት ማዘጋጃ ቤት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሁት ናት። «ምን ስሜት ፈጠረብዎት? በአንድ ቃል።»

«ኧረ ትንሽ አኖይድ ብሆን፣ ቅር ቢለኝ ነው።»

ትንሽ! ከየት አመጣሁት? እኛ የዚህ አገር ሰዎች ቤታችን ቢቃጠል እንኳ «ትንሽ ሞቅ አለ» ነው የምንለው።

ማርች 11
መልሳቸው መጣ። ለአኖይድ ተቆጣጣሪ አይላክም። ልክ ናቸው፤ ዝንብ ያስቸገራትም አኖይድ ናት። የሚላከው ዲስትረስድ ለሆነ፣ ጭንቅ ውስጥ ለገባ ሰው ነው። ሌላ ቃል ካለኝ ላሳውቅ።

ሻይ ላይ ተከራከርን።

«አፕሴት፣ ከፍቶኛል በያቸው» አለ ዊልፍ።

«አፕሴትማ ኬክ ያረረባት ናት።»

«ፊዩሪየስ?»

«ድስት የምወረውር እመስላለሁ።»

«ታዲያ ዲስትረስድ በይና ገላግይኝ!»

«እሱማ... መንገድ ላይ ቆማ የምታለቅስ ሴት ናት።»

«ወይ አንቺ ሴትዮ! እኔ ሳልሞት ምረጪ!»

ዲሳፖይንትድ ብዬ ላክሁ። አዝኜባችኋለሁ፣ ከእናንተ አልጠበቅሁም ነበር ማለት ነው... ለእኛ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። አባቴ አንድ ቀን ብሎኛል፤ እስካሁን ያመኛል።

ማርች 18
«ማዘንዎን ተረድተናል» ይላል መልሳቸው። ጉዳዩ ተዘጋ።

ማርች 19
ክሬግን አጥሩ ላይ ተደግፎ አገኘሁት።

«እንዴት አደሩ ሚስስ ኦግደን? ሞተሬ አይረብሽም አይደል?»

«ኧረ ምንም አይደል፣ የኔ ልጅ!»

ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ማርች 22
ዊልፍ ሻንጣውን ከቁም ሳጥን አወረደ። ባቡሩ ነገ ነው። የክረምት ካፖርቱንም ከተተ... መቼ ሊመለስ?

ለስንቁ የአሳማ ሥጋ ልገዛ ወጣሁ። ሱቁ ውስጥ አንዲት ሴት ወረፋዬን ቀድማኝ ገባች። «ምንም አይደል» ልል አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

ተራዬ ሲደርስ ባለሱቁ ሥጋውን ሚዛን ላይ አስቀመጠ። «ዛሬስ እንዴት ነሽ፣ ግሌኒስ?»

ምንጊዜም የምለው «ምንም አልልም» ነው።

«ዲስትረስድ ነኝ» አልኩት።

ቢላውን እንደያዘ ቀረ። ሰልፈኛው ሁሉ የየራሱን ጫማ ማየት ጀመረ። ይኸው፣ ተናገርኩት፤ ጣሪያው አልወደቀም።

«ሥጋውስ?» አለ ባለሱቁ።

ሚዛኑ ላይ ትቼለት ወጣሁ። ማዘጋጃ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው።