ውሃ በመጣ ማግስት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ክሊኒኩ ዛሬ ሰው በሰው ሆኖ ዋለ። ስንት መቀስና ስንት ጉጠት አጥቤ እንደቀቀልኩ እንጃ። እጄ አሁንም ክሎሪን ክሎሪን ይላል።

ጃለታ ትናንት ያመጣው አኳሪየም የሳሎኑን ግማሽ ወስዶታል። ስምንት ጎልድፊሽ። "ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ስምንት ስጠኝ" ብሎ ነው የገዛው። ባሌ እንዲህ ነው፣ ካደረገ ማብዛት ይወዳል። ግን ሠራ። ልጁ ኢፍቱ እኛ ጋ ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ለእኔ ከ"እሺ" እና ከ"በቃኝ" ሌላ ቃል የላትም ነበር። ዛሬ እራት ላይ "ይሄኛው ጅራቱ የተቀደደ ቀሚስ ይመስላል" አለችኝ። ለእኔ።

እናቷ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። እስካሁን አክስቷ ቦንቱ ነበረች የምታሳድጋት። ቦንቱ ስታመጣት "ካልለመደች መልሼ እወስዳታለሁ" ብላናለች፤ ጃለታም እሺ ብሏል። እኔን ማን ጠየቀኝ? እዚህ እንኳ ልጻፈው… እንድትሄድብኝ አልፈልግም። አልወለድኩም። ይቺን ወድጃታለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ፈረቃችን ነው፣ ውሃ መጣ። ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ነው የሚመጣው፤ በመጣ ቀን ያላጠበ ቆሻሻውን ታቅፎ ይሰነብታል። መጋረጃ፣ ጫማ፣ ደረጃ… አኳሪየሙም ደፍርሷል፣ ሲያስጠላ። ዓሣዎቹን ባልዲ ውስጥ አድርጌ ውሃውን ደፋሁት። መስታወቱን በበረኪና ፈትጌ ደጋግሜ አለቀለቅኩ። የፊልተሩን ስፖንጅ ነጭ እስኪሆን ቧንቧ ሥር ጨመቅኩት። ከዚያው ከቧንቧው ሞላሁ። አሁን ብርሌ መስሏል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ሁለት ሞቱ። መጀመሪያ ያየችው ኢፍቱ ናት፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ። አላለቀሰችም። ዞር ብላ አየችኝ፣ በቃ። ምን ማለት ነው እንደዚያ ማየት?

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ጃለታ ጭነት ይዞ ጅቡቲ ሄደ። ከሳምንት በላይ ይቆያል።

ኢፍቱ ዓሣዎቹን መመገብ ትታለች። "አንቺ ስጫቸው" ትላለች፣ እጇን ኪሷ ከትታ። መንገድ ስንሻገርም እጇን አትሰጠኝም። ከአንቺ ጋር ምንም አልነካካም ማለቷ ይሆን? መገብኳቸው። አልሰሰትኩም፣ ሞቅ አድርጌ ነው የሰጠሁት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ውሃ መጣ። በሽታ ካለ ዛሬ ይለይለታል። ጠጠሩን አንድ በአንድ አጠብኩ። ስፖንጁን በፈላ ውሃ ዘፈዘፍኩ። ሥራዬ ይሄው አይደል እንዴ? አሥራ አንድ ዓመት ጀርም ስገድል ኖሬ በአንድ ገንዳ ልሸነፍ?

እሁድ፣ ጥቅምት 9

ሌላ ሦስት ሞቱ።

ቦንቱ ከቸርች ስትመለስ ጎራ አለች። ኢፍቱ ጓዳ ይዛት ገባች። በኦሮምኛ ነው ያወሩት፤ ግማሹን እሰማለሁ። "ውሰጂኝ" አለቻት። "እዚህ ሁሉም ይሞታል።"

ቦንቱ ስትወጣ ፊቷ ሌላ ነው።

"ኢየሩ፣ አትቀየሚኝ። ልጅቷ ፈርታለች። በሚቀጥለው እሁድ መጥቼ እወስዳታለሁ።"

"ምን ፈራች?"

"እኔ እንጃ። ብጠይቃት አትነግረኝም።"

እኔ ግን አውቃለሁ። እኔን ነው የፈራችው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ትናንት ውሃ መጣ፣ አጠብኩ። ዛሬ አንድ ሞተ። ሁለት ቀሩ።

ቁጭ ብዬ ይሄን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩት። ማክሰኞ አጠብኩ፣ ረቡዕ ሞቱ። ቅዳሜ አጠብኩ፣ እሁድ ሞቱ። ማክሰኞ፣ ረቡዕ… በገዛ ጽሑፌ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

አስፈቅጄ ወጣሁና ዊንጌት ሄድኩ፣ ዓሣዎቹን የሸጠው ኑሪ ጋ። ልጣላ ነበር የሄድኩት።

"በየስንት ጊዜው ታጥቢዋለሽ?"

"ውሃ በመጣ ቁጥር።"

"ሙሉውን ውሃ ትቀይሪያለሽ?"

"አዎ፣ ሙሉውን።"

"ስፖንጁንስ?"

ስነግረው ጭንቅላቱን ያዘ። ዓሣው ይበላል፣ ያራል፤ የተረፈውም ምግብ ይበሰብሳል፤ ከዚያ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል አለኝ። ያንን መርዝ የሚበሉ ጀርሞች አሉ። ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ነው የሚራቡት። አዲስ ገንዳ ውስጥ እስኪራቡ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። "አንቺ ገና ብቅ ሲሉ ትፈጂያቸዋለሽ። ከቧንቧ የወረደ ውሃ ደግሞ ክሎሪኑ አልወጣለትም። ዓሣውንም ያቃጥለዋል።" ስምንቱን ባንዴ መሸጡ የእሱ ጥፋት እንደሆነም አመነ፤ በሁለት ነበር መጀመር።

"ታዲያ አሁን ምን ላድርግ?"

"እጅሽን ሰብስቢ። ውሃውን ክፍት ባልዲ ውስጥ አሳድሪና ሩቡን ብቻ ቀይሪ። ምግብ ቁንጥር ታህል። ስፖንጁን አትንኪ።"

የሚጠቅም ጀርም አለ ማለት ነው። በዚህ ዕድሜዬ።

ጃለታ ደወለ፣ ነገርኩት። "ቦንቱን ሻጩ የታመመ ዓሣ ሰጥቶን ነው በያት። ማን ያጣራል?" አለ። ማንም አያጣራም። እውነቱን ከተናገርኩ ግን ቦንቱ ፊት ገዳይዋ እኔ ነኝ ማለት ነው። ልጅቷን በገዛ አፌ ማስረከብ…

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ውሃ መጣ። ሮቶውን ሞላሁ፣ አንድ ባልዲ ለነገ አስቀመጥኩ፣ አኳሪየሙ ጋ ግን አልደረስኩም። መስታወቱ ላይ ቡናማ ነገር ጀማምሮታል። እጄን በላኝ።

ኢፍቱ ሻንጣዋን ራሷ አዘጋጀች። "ላግዝሽ?" ብላት "አይ።" ካልሲዎቿን ጥንድ ጥንድ አድርጋ ስታጥፍ በር ላይ ቆሜ አየኋት። ነገ ምንድን ነው የምለው? ሻጩ ነው ልበል? ማለት እችላለሁ። ትንሽ ቃል ናት።

እሁድ፣ ጥቅምት 16

ቦንቱ መጣች። ሻይ አልጠጣም አለች። ሻንጣው በሩ ሥር ተቀምጧል። "ሻጩ ነው" ልል አፌን ከፈትኩ። ኢፍቱ ሁለት እጇን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ቆማለች። አቃተኝ።

"ኢፍቱ፣ ዓሣዎቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ" አልኩ። "ሳላውቅ ነው። አጠባ አብዝቼ ነው።"

ስፖንጁን፣ በረኪናውን፣ ክሎሪኑን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ቦንቱ ወለሉን ታያለች። ኢፍቱ ቀና ብላ አየችኝ፦

"እኔ አይደለሁም?"

"አንቺ? አንቺ ምን አድርገሽ?"

"የመጡ ቀን በጣቴ ነክቻቸዋለሁ። ሁለቱን።" ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እማዬም ስትሞት እጇን ይዣት ነበር።"

ቦንቱ "ወይኔ ልጄን" ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሁለት ዓመት ሙሉ አሳድጋት አልሰማችም። እኔም ጠልታኝ ነው እያልኩ… ደደብ። እሷ እኮ እጇን የምትደብቀው እንዳትገድለን ነው።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። "አንቺ አይደለሽም። ዓሣዎቹን እኔ ነኝ። እናትሽን ደግሞ በሽታ ነው፣ እጅሽ አይደለም።" ሦስቴ አስደገመችኝ። በሦስተኛው አለቀሰች፣ ጮክ ብላ፣ እዚህ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቦንቱ "እንሂድ ወይስ?" አለቻት።

"ሁለቱ እስኪድኑ ልይ" አለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ትናንት ውሃ መጣ። መጋረጃ አጠብኩ፣ ያን ገንዳ ዝም አልኩት። አረንጓዴ ቡናማ ሆኗል፣ እንግዳ ሲመጣ አፍራለሁ። ሁለቱም ግን አሉ።

ትናንት ኢፍቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እጅጌዋን ሰበሰበች። ጣቷን ውሃው ውስጥ ከተተችና አንዱን ነካችው። ከዚያ የቤት ሥራዋን ልትሠራ ሄደች። አምላኬ፣ ይሄ ዓሣ ለነገ ብቻ ይድረስ አልኩ በሆዴ።

ዛሬ ጠዋት ቀድማኝ ተነሳች። ሳሎን ሄዳ ስትቆም ሰማሁ። ብዙ ቆየች። ከዚያ የመኝታ ቤቴ በር ተከፈተ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አልጋው ጫፍ መጥታ ጉንጬን በጣቷ ነካችኝ። ጣቷ እርጥብ ነበር። አልሄደችም፣ ቆማ ታየኛለች።

እንድታይ ብዬ ጎላ አድርጌ ተነፈስኩ።