ሰቆጣ ሲል ሰምተናል

ሰኔ 19 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

የገበያ ቀን። እንደ ልማዴ ሬዲዮውን ወደምሠራበት የመንግሥት መ/ቤት በረንዳ አወጣሁ። የባትሪው ድንጋይ ደክሟል፤ ፀሐይ ላይ አሙቄ መለስኩት። ዜናው ሲያልቅ ወንበር ላይ ቆሜ አማርኛ ለማይሰማው ሁሉ በአገውኛ እናገራለሁ። ሦስት ዓመት ሥራዬ ይኸው ነው፤ ሌላ ሌላውን ቀን ጸሐፊ፣ በገበያ ቀን አስተርጓሚ።

የዛሬው፦ ከውጭ አገር እንግዳ መጥቶ አ.አ. በአበባ ተቀበሉት። ድልድይ ተመረቀ። ከዚያ ዘፈን። ከዚሁ ከአካባቢያችን ከዝቋላ የመጣች አንዲት ሴት፣ ስለኛስ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አላለም። በሚቀጥለው ይል ይሆናል አልኳት። ባዶ ስልቻዋን አጣጥፋ ሄደች።

ዝናቡ ዘንድሮም የለም። የተዘራው ማሽላ እንደተቀበረ ቀረ። ገበያው ፍየል ብቻ ነው፤ ሻጭ እንጂ ገዢ የለም። ደብተሬ፣ ሴትዮዋ ስትሄድ አፈርኩ። ምን አጥፍቼ? እኔ ሬዲዮው አይደለሁ።

ሰኔ 26፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ጉድ ሆንኩ። ደብተሬ፣ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ።

ሬዲዮው ሰቆጣን ጠራ። አደባባዩ ሁሉ ጆሮውን አቀና፣ አህያው ሳይቀር። ያ ባለ ሸጋ ድምፅ ሰውዬ እንዲህ ሲል ያነባል፦ በሰቆጣና በአካባቢው ዝናቡ በወቅቱ ገብቷል፣ ገበሬው በደስታ በእርሻው ላይ ይገኛል። ዓረፍተ ነገሩን አወቅሁት። የኔ ነው! ባለፈው ወር አለቃዬ አቶ ጥላሁን ሪፖርት አሳምረህ ጻፍ ብለውኝ የጻፍኩት። አሳምሬ ነበር የጻፍኩት።

ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞረ። ምን አለ? ምን አለ? ፊታቸው አጥንት ብቻ ነው። ዝናብ ገብቶላችኋል፣ ደስ ብሏችኋል ልበላቸው? እነሱን እያየሁ? ከዚያ አፌ ብቻውን ተናገረ፦ ችግራችሁ ተሰምቷል፣ እህል ወደ ሰቆጣ ተጭኗል አልኩ።

እልልታው! ሴቶቹ መሬት ሳሙ። አማርኛ የሚሰሙት ከተሜዎች እንደሁ ለሬዲዮ ብለው ገበያ መሐል አይቆሙም፤ የሚያጋልጠኝ አልነበረም። አቶ ጥላሁን ከደሴ የመጡ ናቸው፣ አገውኛ አያውቁም። እልልታውን ሰምተው ከቢሮ ወጡ፣ ተደሰቱ። ሕዝቡ ዜናውን በእልልታ ተቀበለ ብለህ ጻፍ አሉኝ።

ጻፍኩ።

ሐምሌ 3

የመጣው ሰው ካለፈው ሳምንት እጥፍ ይሆናል። ስልቻ ይዘዋል። ወሬው ዝቋላ ደርሷል፣ ኒሯቅም ደርሷል አሉ። ዜናው ዛሬ ስለ ስፖርት ነበር። እህሉ መንገድ ላይ ነው ብዬ አለፍኩት።

አያ ኪሮስን አገኘሁት። ዝቋላ የእናቴ ጎረቤት ነው፤ እናቴ የሞተች ጊዜ መቃብሯን የቆፈረ። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ወደ ኮረም ሊወርድ ተነሥቶ ነበር፤ እዚያ መኪና መንገዱ ዳር ገንፎ የሚያበሉ ሰዎች አሉ ተብሏል። ለጤነኛ ሦስት ቀን ነው፣ ለነሱ አምስትም ስድስትም። ግማሽ ቀን ከሄደ በኋላ የኔን ወሬ ሰማና ተመለሰ። ከአገር መሰደዱን አስቀረህልኝ ብሎ መረቀኝ። እጄን ሳመ። የኔን እጅ!

ኮረም ሂድ ልለው ነበር። ለምን ቢለኝስ?

ሐምሌ 10

እህሉን የሚጠብቁት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ሰፍረዋል። በየቀኑ በዚያ ነው የማልፈው። ሌላ መንገድ አለ፣ ግን እሱም ያሳፍራል። አያ ኪሮስ በትሕትና ይጠይቀኛል፣ መጠየቁን እንደ ጥፋት ቆጥሮ። ላይ በኩል ዘንቦ ወንዙ ሞልቷል፣ መኪናው መሻገር አቅቶት ቆሟል አልኩት። አመነኝ። ሦስተኛ ውሸቴ ነው፤ እየሠለጠንኩ ነው።

ሐምሌ 17

መምህራኑ ሻይ ቤት ሬዲዮውን ሲያሙ ዋሉ። የአ.አ. ሬዲዮ ነው፣ የሠርግ ቤት ሬዲዮ ነው፣ አገር ሲያልቅ ዘፈን ይመርጣል። አንዱ፣ ያን የሰቆጣ ዜና የጻፈ እጁ ይቆረጥ አለ። ልክ ነህ አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። በዚያው እጅ ስኳሬን አማሰልኩ።

ወንበሩ ላይ ቆሜ ሳየው፣ ኮረም መሄድ የሚችል ጉልበት ያለው ሰው ከሳምንት ሳምንት ይቀንሳል። እኔ ነኝ የያዝኳቸው። ይኼን ካንቺ በቀር ለማንም አላልኩም።

ሐምሌ 20

የአያ ኪሮስ ትንሿ ልጅ ዛሬ ተቀበረች። አበቡ። አምስት ዓመቷ። መግነዣ ጠፍቶ በኔ ጋቢ ገነዝናት። ይሰድበኛል፣ ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ደስ ባለኝ። አጽናናኝ። አታልቅስ፣ አንተ ምን ታደርግ፣ ወንዙ ነው እህሉን የያዘባት አለኝ።

ወንዝ የለም። ያ ወንዝ እኔ ነኝ።

ሐምሌ 22፣ ጧት

የንስሐ አባቴ አባ ወልደ ሰንበት ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ብዙ ስግደት፣ ብዙ ጾም ያዝዙኛል ብዬ ተመኝቼ ነበር፤ ሰውነቴ ቢደክም ልቤ ያርፋል። አላዘዙኝም። ከዚያ፣ «በአደባባይ የዋሸኸውን ለኔ በጆሮዬ ሹክ ብለህ ልትወጣ ነው? ቆመህ ከተናገርክበት ቆመህ መልስ። እስከዚያ አልፈታህም» አሉኝ።

አባቴ፣ ከሥራ እባረራለሁ፣ ሕዝብ አሸበረ ተብዬ እታሰራለሁ አልኳቸው። አዎ አሉ።

ሐምሌ 24

ወንበሩ ላይ ወጣሁ። አቶ ጥላሁን በሩ ላይ ቆመዋል። ዜናው ስለ አንድ ኤግዚቢሽን ነበር። ስለ ኤግዚቢሽኑ ተናግሬ ወረድኩ።

ፈሪ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያልኩ ያደግሁ ፈሪ። ከቅጥሩ ሥር ዛሬም የሁለት ሰው ሬሳ ወጣ፣ አንዷ ያቺ ስልቻዋን ያጣጠፈችው ሴት ናት። እራት አልበላሁም። ይኼም ጾም ሆኖ እንዳይቆጠርልኝ ብዬ ተነሥቼ በላሁ።

ነሐሴ 1፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ፍልሰታ ገባ። ጾም ያዙ ብሎ የሚሰብክ ቄስ ዛሬ እንዴት አድርጎ አፉን ይከፍታል?

ተናገርኩ። ደብተሬ፣ ተናገርኩ። ሬዲዮውን ዘጋሁት። ወንበሩ ላይ ወጣሁና በአገውኛ፣ ሬዲዮው ስለ እህል አንድ ቀንም አልተናገረም፣ እህል አልተጫነም፣ መኪና የለም፣ ወንዝም አልሞላም፣ የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ አልኩ። ያንን የደስታ ዜና የጻፍኩትም እኔ ነኝ። እግር ያላችሁ ዛሬውኑ ወደ ኮረም ውረዱ፣ እዚህ የሚመጣላችሁ የለም።

ድንጋይ ጠብቄ ነበር። ድንጋይ ያነሣ የለም። ከዚያ አንድ ሽማግሌ በተሰባበረች የገበያ አማርኛ፣ አቶ ጥላሁንም እንዲሰሙት መሰለኝ፣ «ሰቆጣ ሲል በጆሯችን ሰምተናል። አንተ ዛሬ የተናገርከው አስፈራርተውህ ነው» አለኝ። ሌሎቹም ተቀበሉት። እህሉን ለከተሜ ሊሰጡብን ነው፣ እኛን አርቀው ሊካፈሉት ነው አሉ። ማልኩ። በማርያም ማልኩ። አንዲት እናት፣ አይዞህ ልጄ፣ እናውቅልሃለን ብላ አዘነችልኝ። አዘነችልኝ!

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ይኼን ነው። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተነሥተው ሄዱ። የቀረው እዚያው ቅጥሩ ሥር ነው፣ ስልቻውን ይዞ፣ ፊቱን ወደ መኪናው መምጫ አዙሮ።

አያ ኪሮስ ቆይቶ መጣ። እውነት ነው ወይ አለኝ። እውነት ነው አልኩት። አበቡ ሳትሞት ታውቅ ነበር ወይ አለኝ። አውቅ ነበር አልኩት። ዞሮ ወደ ሚስቱ ሄደ። አልመታኝም። እስካሁን ጉንጬ የሚመታውን እየጠበቀ ነው።

አቶ ጥላሁን ምን አልካቸው ብለው ጠየቁኝ። በአማርኛ ደገምኩላቸው። የቢሮውን ቁልፍ ተቀበሉኝ። ነገ ጧት ለፖሊስ ቃል ትሰጣለህ አሉ።

ነሐሴ 2፣ ጎሕ ሲቀድ

ቅጥሩ ሥር ሄጄ አየሁ። ተቀምጠዋል። አያ ኪሮስም አልሄደም፤ ሚስቱ እምቢ ብላው፣ እህሉ ሲመጣ አለመገኘቱን ፈርታ። ትልቁ ልጅ መነሣት አልቻለም።

አሰብኩበት። ደመወዝ የሚበላ ሰው፣ እህል የሚመጣ ቢሆን ሰቆጣን ለቆ አይሄድም። ይኼን ያውቃሉ። አፌን አላመኑትም፤ እግሬን ሳያምኑት አይቀሩም። ፖሊሱ ቢሮ የሚከፍተው በሁለት ሰዓት ነው። አሁን ስልቻዬን ይዤ፣ የአያ ኪሮስን ልጅ ካስነኩኝ አዝዬ፣ በፊታቸው አልፌ በኮረም መንገድ እወርዳለሁ። ወደ ኋላ አልዞርም፤ ከዞርኩ የምለማመጣቸው ይመስላቸዋል። የሚከተለኝ ካለ ኮቴውን እሰማለሁ።