ለዳስ እምቢ አይባልም

ጥር 6፣ ጠዋት

ማስታወሻዬ ሆይ፣ በከባድ ሐዘን አስታውቅሃለሁ፦ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጁ ቢጫ ሄልሜት በዘበኛው ዶሮ ተይዟል። ታቅፋበታለች። የማስለቀቅ ድርድሩ ከሽፏል፤ እጄን ነቁራኛለች።

ሥ/አስኪያጁ እኔ ነኝ። ከተመረቅሁ ወዲህ የመጀመሪያ ሥራዬ። መካነ ሰላም፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ከጅዳ የተመለሱት የወ/ሮ ዘሀራ ፎቅ። የመጀመሪያው ሶሌታ፣ የላይኛው ፎቅ ወለል፣ ትናንት ተሞላ። ኮንክሪቱ ገና እርጥብ ነው፤ ተሸክሞ የያዘው ከሥሩ የቆመው የአጣና ጫካ ነው። እስኪደርቅ አንዱም አይነካ ብዬ መመሪያ ሰጠሁ። ሠራተኞቹም ዘበኛውም ቶሎ «እሺ» አሉ። እሺታቸው አላማረኝም።

ጥር 9

ጫካው ሳስቷል! የጎረቤታችን የጋሽ ይመር ልጅ ልታገባ ነው፤ ዳስ እየተተከለ ነው። ቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ ከየቤቱ አንድ አንድ አጣና ጠየቀ። ሰፈሩ ደግ ነው፤ ሁሉም አንድ አንድ ሰጠ። ከእኛ ሶሌታ ሥር እየነቀለ። ከመሃል መሃል፣ እንዳይታይ።

ዘበኛውን ጋሽ ሰይድን ተቆጣኋቸው።

«ለዳስ እኮ ነው ኢንጅነር! ለዳስ እምቢ ይባላል?»

«ሶሌታው ቢወርድስ?»

«አብሽር፣ በዱዓ ይዘነዋል።»

ለወ/ሮ ዘሀራ ነገርኳቸው። እሳቸውም ሰጥተዋል። አጣና የነፈገች ሀብታም መባል አይፈልጉም።

ጥር 10፣ ከሰዓት

የሶሌታው ሆድ ወረድ ብሏል። ስንጥቅ አለ፤ ቀጭን፣ እንደ ፀጉር። ጠዋት አልነበረም።

አጣና ፍለጋ ከተማውን ዞርኩ። የለም፤ ሁሉም ዳስ ሆኗል። ከወግዲ የሚመጣው መኪና ነገ ማታ ይደርሳል ተባለ።

ሠራተኞቹ ሥሩ ቁጭ ብለው ምሳ ይበላሉ። አስወጣኋቸው። «ኢንጅነሩ ጥላ ፈራ!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ጥር 11፣ ሠርግ

ዳሱ ያምራል። ጠንካራ ነው፤ ለምን አይሆን። ግን ጠበበ፤ ከከላላ የመጣው ወገን ብዙ ነው። ወ/ሮ ዘሀራ ቸር ናቸው፦ የተረፈው እንግዳ የእኛ ምድር ቤት ይቀመጥ አሉ። ሶሌታው ሥር ምንጣፍ ተነጥፏል።

ለመንኳቸው። በሠርግ ቀን የመውደቅ ወሬ ታመጣለህ፣ ሟርተኛ፣ አሉኝ።

መዶሻ አነሳሁ። እንግዳው ሳይገባ የምድር ቤቱን በር በሳንቃ ቸነከርኩት። ፊቱ ተቀምጫለሁ። ወ/ሮ ዘሀራ በሕዝብ ፊት ከሥራ አባረሩኝ። ሽማግሌ ተልኮብኛል። ከበሮው እየቀረበ ነው።

ከጀርባዬ፣ ውስጥ፣ አንድ ነገር ቀጭ አለ። አልተነሳሁም።

እርማት፦ ቀደም ሲል «የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ» ተብሎ የተገለጸው ግለሰብ ከዛሬ ጀምሮ «በር ላይ የተቀመጠው ሟርተኛ» ተብሎ ይነበብ።